ኢንሱሊን ሰውነታችን ውስጥ ምን ይሠራል? መርፌ ለጀመሩና ለሚያስታምሙ የተዘጋጀ ዝርዝር መመሪያ

እናቴ ኢንሱሊን ከጀመረች 11 ዓመት ሆኗታል። በመጀመሪያዎቹ ወራት በየጠዋቱ የስኳር መለኪያውን እያየች አንድ ጥያቄ ትጠይቀኝ ነበር። «ማታ ከቁራሽ እንጀራ በቀር አልቀመስኩም። ይሄ 190 ከየት መጣ?» መልስ አልነበረኝም። የነበረኝ ጥርጣሬ ነው። ተደብቃ ማር የምትቀምስ ይመስለኝ ነበር። አንድ ቀን ፊት ለፊት ነገርኳት። አለቀሰች። በኋላ ሳነብና ሐኪም ስጠይቅ እውነቷን እንደነበር ገባኝ። ስኳሩን የለቀቀው የገዛ ጉበቷ ነበር።

ይህን የምጽፈው ሌላ ቤት ውስጥ እንደዚያ ያለ ጠዋት እንዳይደገም ነው። ኢንሱሊን በየትኛው ሰዓት ምን እንደሚሠራ ያወቀ ሰው በመለኪያው ቁጥር አይደነግጥም፤ ቤተሰቡም አይጠረጥረውም። መጠኑን የሚወስነው ሐኪማችሁ ነው። እዚህ የማነሳቸው የዩኒት (የኢንሱሊን መስፈሪያ) ቁጥሮች ለምሳሌ ብቻ ናቸው።

1. መጀመሪያ ምግቡ የት እንደሚሄድ ተከተሉት

እንጀራ፣ ዳቦ፣ ገንፎ፣ ድንች፣ ሙዝ፣ ሁሉም ሆድ ውስጥ ሲፈጩ አብዛኛው ነገራቸው ግሉኮስ የሚባል ስኳር ይሆናል። ግሉኮሱ ከአንጀት ወደ ደም ይገባል። ደሙ በየሰውነቱ ያዞረዋል። የጡንቻና የስብ ሕዋሳት በር ግን ዝግ ነው። ግሉኮሱ ደጅ ላይ ይቆማል።

ከጨጓራ ጀርባ ቆሽት አለ። ቆሽት ውስጥ ቤታ የሚባሉ ሕዋሳት አሉ። ደም ውስጥ ስኳር ሲጨምር ወዲያው ያውቃሉ፤ ኢንሱሊን ይለቃሉ። ኢንሱሊንን ብዙ ሰው በቁልፍ ይመስለዋል። እኔ ግን የበር ደወል ብለው ደስ ይለኛል። ኢንሱሊን በሩን ራሱ አይከፍትም። ሕዋሱን ከውጭ ይነካዋል፣ ውስጥ ያሉት ይሰማሉ፣ በሩን የሚከፍቱት እነሱ ናቸው። ይህን ያዙት፤ ቆይቶ ይጠቅመናል።

ሁለተኛው ሥራው ጉበት ላይ ነው። ጉበት ጎተራ ነው። ስትበሉ ትርፉን ስኳር ያጠራቅማል። ስትተኙ ወይም ስትጾሙ ደግሞ ከጎተራው እየሰፈረ ወደ ደም ይለቃል፤ አንጎል ያለ ስኳር ውሎ ማደር አይችልማ። ኢንሱሊን ለዚህ ጎተራ «በቃ፣ ዝጋ» የሚል ነው። ኢንሱሊን ሲያንስ ወይም ጉበት አልሰማም ሲል ጎተራው ሌሊቱን ሙሉ ክፍት ያድራል። ሊነጋጋ ሲል ደግሞ ሰውነትን ለመንቃት የሚያዘጋጁ ሆርሞኖች ስለሚጨምሩ ጉበት ይብስበታል። የእናቴ 190 የመጣው ከዚያ ነው። እራት ባትበላም ኖሮ ይመጣ ነበር።

ደም ውስጥ የቀረው ስኳር 180 አካባቢ ሲያልፍ ኩላሊት መልሶ መያዝ ያቅተዋል። በሽንት ይወጣል፤ ውሃም ይዞ ይወጣል። ሽንት የሚበዛው፣ ጥሙ አልቆርጥ የሚለው ለዚህ ነው። ሽንት የወረደበት ቦታ ጉንዳን የሚሰበሰበውም በዚሁ ነው። ሕዋሳቱ ግን ስኳር ደጃቸው ቆሞ ይራባሉ። ሰውነት ስቡንና ጡንቻውን ማቃጠል ይጀምራል፤ ሰውየው እየበላ ይከሳል።

2. የእናንተ የትኛው ዓይነት እንደሆነ ጠይቁ

በዓይነት 1 የሰውነት መከላከያ የራሱን ቤታ ሕዋሳት ያጠፋቸዋል። ደዋይ የለም። ብዙ ጊዜ በልጅነትና በወጣትነት ይጀምራል፤ በማንኛውም ዕድሜ ግን ሊመጣ ይችላል። ለእነዚህ ሰዎች ኢንሱሊን እንደ ውሃ ነው። ከ1922 እ.ኤ.አ. በፊት ዓይነት 1 የያዘው ልጅ የሚጠብቀው ሞት ነበር። በዚያ ዓመት ጥር ላይ ካናዳ፣ ቶሮንቶ ውስጥ ሊዮናርድ ቶምፕሰን የሚባል የ14 ዓመት ልጅ ኢንሱሊን የተወጋ የመጀመሪያው ሰው ሆነ። ፍሬድሪክ ባንቲንግና ቻርልስ ቤስት ከእንስሳት ቆሽት ያወጡት መድኃኒት ነበር፤ በደንብ የሠራለት ግን ጀምስ ኮሊፕ ካጣራው በኋላ ነው። ልጁ ከዚያ በኋላ 13 ዓመት ኖረ። በየዓመቱ ኅዳር 5 የሚከበረው የዓለም የስኳር ሕመም ቀን የባንቲንግ ልደት ነው።

በዓይነት 2 ደወሉ ይደወላል። ውስጥ ያሉት ግን በደንብ አይሰሙም። ቆሽት ደጋግሞ፣ ጮክ አድርጎ ይደውላል። ዓመታት ሲያልፉ ይደክመዋል። ክኒን እየዋጠ ብዙ ዓመት የቆየ ሰው ኢንሱሊን የሚታዘዝለት ለዚህ ነው። «መርፌ ከጀመረማ አለቀለት» የሚባለው ወሬ ብዙ ሰው ጎድቷል። መርፌው የደከመውን ቆሽት የሚያግዝ ነው። ሰዎች የሚጎዱት በመርፌው አይደለም፤ እሱን በመፍራት ስኳራቸው ለዓመታት 300 ላይ ሲቆይ ነው።

ዘርና አኗኗር ሁለቱም ድርሻ አላቸው። ወደ እስራኤል የሄዱ ቤተ እስራኤላውያን ሲገቡ ስኳር ያለበት ሰው ከመካከላቸው ማግኘት ይከብድ ነበር። የሚበሉት ሲለወጥ፣ የሚራመዱት ሲቀንስ፣ ዓመታት ሳይቆዩ ሕመሙ በብዛት ታየባቸው።

በእርግዝና የሚመጣም አለ፤ ከወሊድ በኋላ ብዙ ጊዜ ይጠፋል፣ እናትየዋ ግን በየጊዜው መመርመር አለባት። ደግሞ በልጅነታቸው በምግብ እጥረት የተጎዱ፣ ቀጫጭን ወጣቶችን የሚይዝ ዓይነት አለ። ጎንደር አካባቢ ያሉ ሐኪሞች እንዲህ ያሉ ታካሚዎችን ለረጅም ዓመታት ሲያዩ ኖረዋል። ዓለም አቀፉ የስኳር ሕመም ፌዴሬሽን በ2025 እ.ኤ.አ. ዓይነት 5 ብሎ እውቅና ሰጥቶታል። ስለዚህ «ስኳር የወፍራም ሰው በሽታ ነው» ብላችሁ የከሳውን ልጃችሁን ሳታስመረምሩ አትቅሩ።

ቁጥሮቹን በአጭሩ፦ ሌሊቱን ሳይበሉ አድረው 126 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ስኳር ነው። የሦስት ወር አማካዩን የሚያሳየው ኤዋንሲ 6.5 በመቶና ከዚያ በላይ ከሆነም እንዲሁ። ምልክት ለሌለው ሰው አንድ ምርመራ አይበቃም፤ ይደገማል። በሕክምና ላይ ላለ ለብዙ አዋቂ ሰው የጠዋቱ ከ80 እስከ 130፣ ከምግብ 2 ሰዓት በኋላ ያለው ከ180 በታች ቢሆን ጥሩ ነው። ለሽማግሌዎችና ለልጆች ሐኪሙ ሊለውጠው ይችላል። እንግሊዝ ወይም ስዊድን ያላችሁ፣ እዚያ መስፈሪያው ሌላ ስለሆነ መለኪያችሁ «7» ካላችሁ በ18 አባዙት፤ 126 ነው።

3. ብልቃጡን እዩት

አገር ቤት ብዙ ሰው የሚያገኘው ሁለት ዓይነት ነው። ሬጉላር ጥርት ያለ ውሃ ይመስላል። ከተወጋ 30 ደቂቃ ገደማ በኋላ ይጀምራል፣ ከ2 እስከ 4 ሰዓት ባለው ይበረታል፣ ከ5 እስከ 8 ሰዓት ይቆያል። ስለዚህ ከምግብ ግማሽ ሰዓት በፊት ይወጋል። ኤንፒኤች ደግሞ እንደ ሩዝ ውሃ ነጭ ነው። ከ1 እስከ 3 ሰዓት ባለው ይጀምራል፣ ከ4 እስከ 10 ሰዓት ባለው ይበረታል፣ ከ12 እስከ 18 ሰዓት ይቆያል። ሁለቱ 30 በ70 ተቀላቅለው የሚመጡበትም አለ።

አሁን ሰዓት እንቁጠር። ማታ 1 ሰዓት ላይ ኤንፒኤች የተወጋ ሰው፣ መድኃኒቱ የሚበረታበት ከምሽቱ 5 ሰዓት እስከ ሌሊቱ 11 ሰዓት ባለው ውስጥ ነው። ተኝቷል ማለት ነው። ጠዋት 1 ሰዓት የተወጋው ደግሞ ምሳ ሰዓት አካባቢና ከሰዓት በኋላ ይበረታበታል። ምሳ የማይዘለለው ለዚህ ነው። የራሳችሁን ሰዓት እንዲሁ ወረቀት ላይ ጻፉትና ፍሪጁ ላይ ለጥፉት።

ብልቃጡ ላይ 100 የሚለውን ቁጥር ፈልጉ። በአንድ ሚሊ ሊትር 100 ዩኒት አለ ማለት ነው፤ 10 ሚሊ ብልቃጥ 1,000 ዩኒት ይይዛል። ሲሪንጁም 100 የሚል መሆን አለበት። 40 የሚል ሲሪንጅ ገበያ ላይ ይገኛል። በእሱ «20» ድረስ ከባለ 100 ብልቃጥ ብትስቡ የምትወጉት 50 ዩኒት ነው። ይህ ሰው ይገድላል። ፋርማሲ መስኮት ላይ ቆማችሁ ሳትሄዱ አንብቡት፤ ከኋላ የተሰለፈው ሰው ይጠብቅ።

4. ሙቀትና ቅዝቃዜ

ያልተከፈተው ፍሪጅ ውስጥ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ይቀመጣል። በረዶ ቤቱ ውስጥ አይደለም፤ ከግድግዳው ጋር ተጣብቆም አይደለም። አንዴ በረዶ ከሆነ ቢቀልጥም አይሠራም፤ ጣሉት። የከፈታችሁት ፀሐይ በማያገኘው፣ ከ25 እስከ 30 ዲግሪ በማያልፍ ቦታ 4 ሳምንት ገደማ ይቆያል። የከፈታችሁበትን ቀን በፕላስተር ለጥፉበት።

ፍሪጅ የሌለው ቤት አይጨነቅ። ሁለት የሸክላ ማሰሮ፣ አንዱን ሌላው ውስጥ አስገቡ። በመካከላቸው አሸዋ ሙሉና አሸዋውን አርጥቡ። ብልቃጡን በፌስታል ጠቅልላችሁ ውስጠኛው ማሰሮ ውስጥ አኑሩት፣ በእርጥብ ጨርቅ ሸፍኑት። ጥላ ያለበት፣ ነፋስ የሚያገኘው ቦታ ላይ አድርጉት። ውሃው ሲተን ያቀዘቅዘዋል። ጋን ውሃን የሚያቀዘቅዝበት መንገድ ነው። ደረቅ ሙቀት ባለበት አካባቢ በደንብ ይሠራል።

ከውጭ ለዘመድ ኢንሱሊን ይዛችሁ የምትመጡ፣ በእጅ ሻንጣ ያዙት። የጭነቱ ክፍል ሊያቀዘቅዘው ይችላል። የመጣው ሰውየው ከለመደው የተለየ ዓይነት ከሆነ ደግሞ ሐኪም ሳያይ እንዳይወጋ።

5. አወጋጉ

እጅ በሳሙና ይታጠባል። ነጩን ብልቃጥ በመዳፍ መካከል 20 ጊዜ ያህል ቀስ ብላችሁ አንከባሉት። አትወዝውዙት፤ አረፋ ሲሆን መጠኑን ያሳስታል። ከተንከባለለ በኋላ ጓጉሎ ወይም ብልቃጡ ላይ ተለጥፎ ከቀረ አትጠቀሙበት። ጥርት ማለት ያለበት ደፍርሶ ካገኛችሁትም እንዲሁ።

ሁለቱን በአንድ ሲሪንጅ የምትቀላቅሉ ከሆነ ቅደም ተከተሉ ይህ ነው። ለምሳሌ 20 ነጭ፣ 6 ጥርት ያለ ታዞላችኋል እንበል። 20 ዩኒት አየር ሳቡና ነጩ ብልቃጥ ውስጥ ግፉት፤ መድኃኒት ሳትስቡ አውጡ። 6 ዩኒት አየር ሳቡና ጥርት ያለው ውስጥ ግፉት፤ ገልብጣችሁ 6 ዩኒት ሳቡ። አረፋ ካለ በጣት ቸብ ቸብ አድርጋችሁ መልሱት። ከዚያ ነጩን ገልብጣችሁ ሲሪንጁ 26 እስኪል ሳቡ። ሁልጊዜ ጥርት ያለው ይቀድማል። ነጩ ወደ ጥርት ያለው ብልቃጥ ከገባ ያኛው ፍጥነቱን ያጣል።

የሚወጋበት ቦታ ሆድ (ከእምብርት 5 ሴንቲ ሜትር ርቆ)፣ የጭን የውጭ ጎን፣ የክንድ ኋለኛ ክፍልና መቀመጫ ነው። ሆድ ላይ ቶሎ ይሠራል። ቆዳውን ቆንጠጥ አድርጉ፣ መርፌውን ቀጥ አድርጋችሁ፣ በጣም ቀጭን ከሆናችሁ ዘመም አድርጋችሁ አስገቡ፤ ግፉት፣ እስከ 10 ቁጠሩ፣ አውጡ። አትሹት።

ቦታ ቀያይሩ። እናቴ ከእምብርቷ በስተግራ ሎሚ የሚያህል እብጠት ነበራት። «እዚህ ጋ አያመኝም» እያለች ለዓመታት እዚያችው ላይ ስትወጋ ኖራለች። እንዲህ ያበጠ ቦታ መድኃኒቱን እንደፈለገ ነው የሚለቀው፤ ዛሬ ያስቀረዋል፣ ነገ ይለቀዋል። ስኳሯ ያለ ምክንያት ሲወጣ ሲወርድ የነበረው አንዱ በዚህ ነው። ቦታ ስትቀይሩ ግን ስኳራችሁን ቶሎ ቶሎ ለኩ፣ ጤናማው ቦታ ሙሉውን ስለሚወስድ ሊወርድ ይችላል። ሐኪማችሁም መጠኑን ቢቀንሰው አትገረሙ።

ያገለገለ መርፌ ባዶ የበረኪና ዕቃ ውስጥ ይጠራቀምና ጤና ጣቢያ ይወሰዳል።

6. ስኳር ሲወርድ

ከሁሉም አስቀድማችሁ ለቤተሰባችሁ የምታስተምሩት ይህን ነው። ከፍ ያለ ስኳር ብዙ ጊዜ ቀስ ብሎ ነው የሚጎዳው። የወረደ ስኳር ግን በደቂቃዎች ውስጥ ይጥላል።

አንድ ሌሊት 9 ሰዓት ላይ እናቴ ስትናገር ሰማሁ። ከሞተ የቆየ ወንድሟን እየጠራች «በሩን ክፈቱለት» ትላለች። ግንባሯን ስነካው ቀዝቃዛና እርጥብ ነው። የለበሰችው ጋቢ በላብ ርሷል። ለካሁ፤ 48። ሦስት የሻይ ማንኪያ ሙሉ ስኳር በትንሽ ውሃ በጥብጬ ሰጠኋት። እጄን ገፋችው፤ በሕይወቷ ተናግራኝ የማታውቀውን ተናገረችኝ። አንጎሏ ስኳር አጥቶ ነው እንጂ እሷ አይደለችም። እየለመንኩ አጠጣኋት። ከ15 ደቂቃ በኋላ 63 ሆነ። ደገምኩ። 92 ሲደርስ ቀና ብላ «ምን ሆኜ ነው ልብሴ የራሰው?» አለችኝ።

ምክንያቱን ሲነጋ አገኘነው። ጎረቤት ለቅሶ ነበር። ቀኑን ሙሉ ቆማ እንጀራ ስትጋግር ውላ ምሳዋን በሁለት ጭብጥ ንፍሮ አልፋዋለች። ብዙ የሠራ ጡንቻ ሌሊቱንም ስኳር ይስባል። እሷ ደግሞ ማታ የለመደችውን ያህል ተወጋች።

ስለዚህ፦ ከ70 በታች ከሆነ፣ ወይም መለኪያ ሳይኖር ላብ፣ መንቀጥቀጥ፣ ድንገተኛ ረሃብ፣ መንተባተብ፣ ያለ ነገሩ ቁጣ ከታየ፣ 15 ግራም ስኳር ስጡ። አንድ የሾርባ ማንኪያ ስኳር ወይም ማር፣ ወይም ግማሽ ብርጭቆ ለስላሳ ይሆናል። ስኳር አልባው ለስላሳ አይረዳም። ቸኮሌትና ወተት ስብ ስላላቸው ይዘገያሉ። 15 ደቂቃ ጠብቃችሁ ለኩ፤ ካልወጣ ድገሙ። ሲስተካከል ምግብ ይብላ። ራሱን ከሳተ አፉ ውስጥ ምንም አትጨምሩ፤ ይታነቃል። በጎኑ አስተኙትና ሐኪም ቤት ሩጡ። እንዲህ ባለ ጊዜ ኢንሱሊን የሚወጋ ሰው እንዳይኖር፤ «መድኃኒቱን ስላልወሰደ ነው» ብሎ የሚቸኩል ዘመድ አይጠፋም።

መንገድ ላይ ሰው ሲንገዳገድ «ሰክሯል» ተብሎ የሚታለፈውም አንዳንዱ ስኳሩ ወርዶበት ነው። ኪስ ውስጥ ከረሜላና «የስኳር ታማሚ ነኝ» የሚል ወረቀት ይኑር።

7. ማዕድ፣ ጾምና ጸበል

ጤፍ እህል ነው፤ እህል ስታርች አለው፤ ስታርች ግሉኮስ ይሆናል። «ቀይ ጤፍ ለስኳር ምንም አይልም» ብሎ ሁለት እንጀራ መብላት ስህተት ነው። ማርም ስኳር ነው። እንጀራን መተው አያስፈልግም፤ መጠኑን በየቀኑ ተመሳሳይ ማድረግ ነው ዋናው፤ ኢንሱሊኑ የሚሰፈረው በዚያ ልክ ነውና። ከምትበሉት ግማሹ ጎመን፣ ሰላጣ፣ ጥቅል ጎመን ይሁን። ችግሩ በአንድ ትሪ ስንበላ የማን ድርሻ የት እንዳበቃ አይታወቅም። እኛ ቤት የእናቴ በሳህን ለብቻው ይቀርባል፤ ሳህኑ ግን ከትሪው አጠገብ ነው፣ ብቻዋን አትበላም። እንግድነት ስትሄዱ «በሞቴ ይችን ብቻ» የሚል አይጠፋም። አስቀድማችሁ ለባለቤቷ ንገሯት፤ ያወቀች ሴት ራሷ ትከላከልላችኋለች።

መጾም የምትፈልጉ፣ ጾሙ ከመግባቱ ሳምንታት በፊት ሐኪም አማክሩ። ሰዓቱም መጠኑም ይቀየራል። ቤተ ክርስቲያንም እስልምናም ለታመመ ሰው ፈቃድ አላቸው፤ የንስሐ አባታችሁን ወይም ኢማሙን አነጋግሩ። ጾም ላይ ሆናችሁ ከ70 በታች ወይም ከ300 በላይ ከሆነ ያኔውኑ ፍቱ። መለካት ጾም አያፈርስም።

ጸበል ስትሄዱ ኢንሱሊናችሁን ይዛችሁ ሂዱ። አቡነ ጳውሎስ በሕይወት ሳሉ ጸበልና የኤችአይቪ መድኃኒት እንደማይጣሉ በይፋ ተናግረዋል። የእኛም ነገር ያው ነው። ዓይነት 1 ያለበት ልጅ ኢንሱሊን ካቆመ በቀናት ውስጥ ሊሞት ይችላል። አብሽና ሽፈራውም የኢንሱሊንን ቦታ አይተኩም።

8. ሌላ ሕመም ሲመጣ

ጉንፋን፣ ተቅማጥ፣ ወባ ሲይዛችሁ ባትበሉም ስኳር ይጨምራል፤ ጎተራው ይከፈታል። ዓይነት 1 ያለበት ሰው «ምግብ አልበላሁም» ብሎ ረጅም ሰዓት የሚቆየውን ኢንሱሊን (እንደ ኤንፒኤች ያለውን) ፈጽሞ አያቆምም። በየ4 ሰዓቱ ይለካ፣ ውሃ ይጠጣ፣ ሐኪሙን ይጠይቅ። ኢንሱሊን ሲጠፋ ሰውነት ስብ ያቃጥላል፤ ከዚያ የሚወጣው አሲድ ደም ይመርዛል። ማስመለስ፣ የሆድ ሕመም፣ ጥልቅና ፈጣን አተነፋፈስ፣ እንደበሰለ ፍራፍሬ የሚሸት ትንፋሽ ካያችሁ አንድ ሌሊት እንኳን አትጠብቁ።

9. ደብተሩ

ባለ 50 ገጽ የተማሪ ደብተር ይበቃል። ቀን፣ ሰዓት፣ ቁጥር፣ የተወጋው ዩኒት፣ የወጋችሁበት ጎን፣ ለየት ያለ ነገር ካለ እሱ። የመለኪያው ስትሪፕ (ደም የሚነካበት ወረቀት) ውድ ነው፣ አውቃለሁ። ሁልጊዜ መለካት ካልቻላችሁ ከቀጠሮ በፊት ባሉት 3 ቀናት ጠዋት፣ ከምሳ በፊት፣ ከእራት በፊትና ሊተኙ ሲሉ ለኩ። አንድ ሌሊት ደግሞ 9 ሰዓት ላይ። ጠዋት ከፍ የሚለው ጎተራው አድሮ ስለተከፈተ ነው ወይስ ማታ ከመጠን በላይ ስለተበላ፣ ያቺ የ9 ሰዓቷ ቁጥር ከእንቅልፍ በፊት ከነበረው ጋር ስትነጻጸር ታሳያለች። የእናቴ ሐኪም ደብተሯን አይቶ የማታውን መርፌ ከእራት በፊት ከመወጋት ወደ መኝታ ሰዓት አዛወረላት። በሁለተኛው ሳምንት ጠዋት 124 አለ። ደብተሩን ይዛ መጥታ ቁጥሩን አሳየችኝ፤ ስለ ማሩ ምንም አልተነጋገርንም።